የቮልስ ቸርኬና የመሀል ክዳን ቀለም አቀባብ፦ ከመፍታት እስከ መልሶ መግጠም

ቸርኬ ቀብቶ የተቃጠለ ሰው በየከተማው አለ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ በር ላይ ቆም ብላችሁ ብትጠይቁ ወሬው አንድ ነው። «ሲወጣ አሪፍ ነበር፤ ክረምት ሲገባ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።» ከዚያ ቀለሙ ይረገማል፣ የሸጠው ሰውዬም አብሮ ይረገማል።

ብዙ ጊዜ ግን ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ከሥሩ ግራሶ ቀርቷል። ወይም የማይስማሙ ሁለት ቀለሞች ተደራርበዋል። ወይም ሳይደርቅ ጎማ ተገጥሞበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ቀለም የሚያወራው ጥቂት ነው። ስለ ማጠብ፣ ስለ መፈግፈግና ስለ መጠበቅ ግን ብዙ ያወራል።

የጻፍኩት ለቮልስ የብረት ቸርኬ ነው። የድሮ ፊያት፣ ፔጆ ወይም ቶዮታ የብረት ቸርኬ ያላችሁም ተጠቀሙበት፤ የሚለያየው የክዳኑ አያያዝና የቡሎኑ ዓይነት ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ያላችሁ ግን በዚህ አትሂዱ። ለአሉሚኒየም ሌላ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መደብ)፣ ሌላ አያያዝ ያስፈልጋል።

መቼና የት?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውጭ ላይ ለመርጨት አትሞክሩ። እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ ይጥላል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው። እንጅባራም ከፍ ያለ ነው። ጠዋት ብረቱ በጤዛ ቀዝቅዞ ነው የሚያድረው። እጃችሁን ስታሳርፉበት የሚቀዘቅዝ ብረት ላይ ቀለም አትርጩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ንፋስና አቧራ ይነሣል። ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ምሽት ላይ መብራት አብርታችሁ ለመርጨት አታስቡ። ትንኙ ሁሉ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል።

ቦታው ጥላ ያለበት፣ አየር የሚገባበት ይሁን። መሬቱን ውሃ ረጭ ረጭ አድርጉበት፤ አቧራው እንዳይነሣ።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም፦ እሳት። ቲነርና ስፕሬይ ባለበት ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ከሰሉ እስኪጠፋ ጠብቁ። የቲነር ትነት ዓይን ሳያየው መሬት ለመሬት ሄዶ ምድጃ ጋ ይደርሳል።

የምታዘጋጁት

ክሪክ፣ 19 ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት (80፣ 180፣ 320፣ 400 እና 600 ቁጥር)፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቲነር፣ ብዙ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የኬሚካል ትነት የሚይዝ ባለ ማጣሪያ ጭንብል። የጨርቅ ወይም የሐኪም ቤት ማስክ አቧራ ይቀንስ ይሆናል እንጂ የቀለም ትነት አያግድም።

ቀለሙን በአንድ ጊዜ ግዙ። ለአምስት ቸርኬ በቆርቆሮ ስፕሬይ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ፕራይመር፣ አራት ወይም አምስት ቀለም አስቡ። ቆርቆሮው ሥር ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። ሦስት ቸርኬ ላይ ሲደርስ አልቆባችሁ ሌላ ብትገዙ ያው «ሲልቨር» ተብሎ ሌላ ሲልቨር ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር። ገበያ ላይ የምታገኙት ቀለም በጥቅሉ ሁለት ቤተሰብ ነው። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዘይት ነክ ሲንተቲክ ነው፤ የሚቀጥነው በአኳራጅ ነው። ሁለተኛው በደቂቃዎች የሚደርቀው ዱኮ ወይም ናይትሮ የሚባለው ነው፤ የሚቀጥነው በናይትሮ ቲነር ነው። ሲንተቲክ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ፕራይመር) ቀብታችሁ በላዩ ዱኮ ከረጫችሁ ቲነሩ ከሥር ያለውን ይፈታዋል። ቀለሙ ዓይናችሁ እያየ ይሸበሸባል። የቀይ አንቲረስት ጋሎን ደግሞ አብዛኛው ሲንተቲክ ነው። ስለዚህ ፕራይመርና ቀለም ከአንድ ቤተሰብ ይሁኑ። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይይዛል» ቢላችሁም ጣሳውን አገላብጣችሁ በምን እንደሚቀጥን አንብቡ።

ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ውህድ ቀለም ከሁሉም ይጠነክራል። ግን ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው ኬሚካል አስም ያመጣል። ለግቢ ሥራ አይሆንም። እሱን ከፈለጋችሁ የመርጫ ክፍልና ንጹሕ አየር የሚያስገባ ጭንብል ላለው ቀለም ቀቢ ስጡ።

ደረጃ 1፦ መፍታት

በመጠባበቂያ ጎማው ጀምሩ። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ትቆያለች፤ እናንተም እጃችሁን ብዙ በማይታይ ቸርኬ ላይ ታሟሻላችሁ። እሱ ሲደርቅ ከአንዱ ጎማ ጋር ቀይሩትና የወጣውን ቀቡ። ተራ በተራ አምስቱን ታዳርሳላችሁ።

የቮልስ መጠባበቂያ ከፊት ኮፈን ሥር ነው። ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቮላው (የነፋስ መሙያው) ላይ ቀጭን ቱቦ መታሰሩን እዩ። በብዙ ቮልስ የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው የመጠባበቂያ ጎማው ነፋስ ነው። ቱቦውን ፈትታችሁ አውጡ፤ ጎትታችሁ አትበጥሱት።

የተገጠመ ጎማ ስትፈቱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የማይነሡትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ እግር ብቻ ነው። የኋላውን ስታነሡ በእጅ ፍሬን አትተማመኑ።
2. የመሀል ክዳኑን አውጡ። ብዙዎቹ ክዳኖች ጠርዝ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ወፍራም ሽቦ እንደ መንጠቆ አጥፋችሁ አስገቡና ሳቡ። ቀዳዳ ከሌለው ካቻቪቴ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ እየፈነቀላችሁ ሂዱ። በአንድ ቦታ ብቻ ከፈነቀላችሁ ክዳኑ ይጣመማል። የተጣመመ ክዳን ደግሞ መንገድ ላይ ይወድቃል።
3. መሬት ላይ እንዳለች ቡሎኖቹን ግማሽ ዙር አላሉ። ኦሪጅናሉ ቮልስ ላይ ዳዶ የለም፤ ቡሎኑ በቀጥታ የፍሬን ታምቡሩ ውስጥ ነው የሚገባው። የቆዩት አምስት ቡሎን፣ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው አራት ቡሎን ናቸው።
4. አንሡ። የክሪክ ማስገቢያውን ግን መጀመሪያ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ሞክሩት። ቮልስ እዚያ ጋ ዝገት ይወዳታል። የተበላ ከሆነ በወለል ክሪክ ጠንካራ ቦታ ላይ አንሡ።
5. ከሥር ድጋፍ አስገቡ። ብሎኬት አታስገቡ! ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የብረት ማስደገፊያ ከሌላችሁ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ይሻላል።
6. ቡሎኖቹን ጨርሳችሁ ፍቱ። ጎማው የትኛው እግር ላይ እንደነበረ በጠመኔ ጻፉበት።

ቡሎኑ እንቢ ካለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ ክንዱን አርዝሙ፤ ቀጥ ያለ ጉልበት ስጡት። ማታውኑ የዝገት መፍቻ ዘይት ብትረጩበት ይረዳል። እየዘለላችሁ አትርገጡት። ጭንቅላቱ ይላጫል ወይም ቡሎኑ ይበጠሳል፤ ታምቡሩ ውስጥ የቀረን ቡሎን ማውጣት የግማሽ ቀን ጣጣ ነው።

ታምቡሩ ላይ ያለውን ጥቁር አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉት። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ አንሡት።

ደረጃ 2፦ ጎማውን ማውጣትና ቸርኬውን መመርመር

ጎማው ቸርኬው ላይ እያለ ጥሩ ቀለም መቀባት ይከብዳል። ጎሚስታ ቤት ውሰዱና አስወጡት። የድሮ ቸርኬ አብዛኛው የውስጥ ላስቲክ ይዞ ስለሚሄድ ከውስጥ ያለው ዝገት ላስቲኩን ቀስ በቀስ ይበሳዋል። «ሁልጊዜ ያለ ሚስማር ይተነፍስብኛል» የምትሉ መልሱ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ጎማውን ማስወጣት ካልቻላችሁ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ጎሚስታው ጠርዙን ብቻ ወደ ውስጥ እንዲገፋ አድርጉ። ከዚያ የመጫወቻ ካርታ በጎማውና በቸርኬው መሀል ዙሪያውን ደራርባችሁ ሰኩ። ከፕላስተር የተሻለ ይሸፍናል።

አሁን ቸርኬውን በብርሃን እዩ። በቡሎን ቀዳዳዎቹ መሀልና በነፋስ መግቢያ ቀዳዳዎቹ ጥግ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ፈልጉ። ዝገት የጎደጎደበትን ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። የቡሎኑ መቀመጫ ሞላላ ሆኖ ከሆነም እዩ፤ ላልቶ ሲነዳ የኖረ ቸርኬ ምልክቱ ያ ነው።

የተሰነጠቀ፣ የተበሳ ወይም መቀመጫው የተበላ ቸርኬ አይቀባም። አይበየድም። በስቱኮም (በጉድጓድ መሙያ) አይሞላም። ሌላ ፈልጉ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ መንገድ ላይ ፍሬን የያዘ ቸርኬ የሚሸከመውን ጉልበት ስቱኮ አይሸከምም።

ጎማ ያለበትን ቸርኬ በእሳት ማሞቅ ወይም መበየድም አይታሰብ። ውስጡ የሞቀው አየር ጎማውን እንደ ፈንጂ ሊያፈነዳው ይችላል። ሰው ገድሏል።

ደረጃ 3፦ ማጠብ (ከመፈግፈግ በፊት!)

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ግራሶ ያለበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁ ግራሶውን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። በኋላ ቀለሙን ከሥር የሚያስነሣው እሱ ነው።

1. ደረቁን ጭቃ በእንጨት ፍቁ። የክረምት ቀይ ጭቃ በተለይ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ቦታ ላይ ይጋገራል።
2. ግራሶና የፍሬን ዘይት ያለበትን ቦታ በላምባና በብሩሽ አሟሙ።
3. በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ላምባው ራሱ ቅባት ነው፤ ሳይታጠብ ከቀረ ያው ነው።
4. በብዙ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቸርኬው ላይ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹሕ ነው። እየተሰበሰበ ነጠብጣብ ከሠራ ቅባት አለ፤ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።

የጎማ ማብለጫ የምትቀቡ ሰዎች ሁለቴ እጠቡ። ሲሊከን ያለበት ማብለጫ ከቅባት ሁሉ ክፉው ነው።

ደረጃ 4፦ ዝገትና አሮጌ ቀለም ማንሣት

እዚህ ላይ ነው ክንድ የሚደክመው። አሮጌው ቀለም ሁሉ መነሣት የለበትም። ጠንክሮ የያዘ ከሆነ ለአዲሱ ጥሩ መደብ ነው። መነሣት ያለበት የላላው፣ ያበጠውና የዛገው ነው። ጣታችሁን አትመኑት። የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በኃይል ንቀሉት፤ ቀለም ይዞ ከመጣ ያ ቦታ ገና አልያዘም።

የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ 80 ቁጥር። የብረቱ ነጭ መልክ እስኪታይ። ቡናማ ነጠብጣብ ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ በካቻቪቴ ጫፍ አውጡት። ዝገት በቀለም ሲሸፈን አይሞትም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ከዚያ 180 ቁጥር፣ የ80ውን ጭረት ለማጥፋት። በመጨረሻ በዝገቱና በጤነኛው ቀለም መሀል ያለውን ደረጃ በ320 እርጥብ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣት ስታሳልፉበት መሰናከያ ካለ ገና ነው። ቀለም ሲቀባበት ደግሞ መሰናከያው እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው።

የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ፤ ውሃ እያስነካችሁ ይሁን። ሕፃናትን አርቁ። የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ እራት አትቅረቡ።

የባትሪ አሲድ ለዝገት የሚጠቀም ሰው አለ። ተዉት። ዓይን ያጠፋል። ብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ደግሞ ከአዲሱ ቀለም ሥር እንደገና ያዝጋል።

እርጥብ ፈግፍጋችሁ ከጨረሳችሁ ወዲያው አድርቁ። ራቁቱን የቀረ ብረት አንድ ሌሊት ጤዛ ካገኘው ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ደረጃ 4፣ 5 እና 6 በአንድ ቀን ካላለቁ ፕራይመር አትጀምሩ። በነጋታው በ320 ዳግመኛ አለፍ አለፍ አድርጉት።

ስቱኮ፦ ጥቂት ጉድጓድ ካለ በመልኩ በኩል ብቻ፣ በስሱ። የቡሎን ቀዳዳ አካባቢ፣ ታምቡሩ የሚነካበት ጀርባ ላይና ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ፈጽሞ አታድርጉ።

ደረጃ 5፦ የማይቀባውን መሸፈን

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ለመልክ ሳይሆን ለሕይወት ነው።

ቡሎኑ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ስታጠብቁ ቡሎኑ የሚጫነው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይደለም። ቀለሙ ሲሞቅና ሲፈርስ ቡሎኑ ይላላል። ቸርኬው ከታምቡሩ ጋር የሚገናኝበት ጀርባም እንደዚያው ነው።

1. በየቡሎን መቀመጫው ልክ ክብ የወረቀት ፕላስተር ቆርጣችሁ ለጥፉ። አሮጌ ቡሎን ካላችሁ አስገብታችሁ ከኋላ በፕላስተር ያዙት፤ የተሻለ ነው።
2. ታምቡሩ የሚነካበትን የጀርባ ክብ ሸፍኑ። እዚያ በኋላ አንድ ስስ ፕራይመር ይበቃዋል፤ ቀለም አይጨመርበትም።
3. የቫልቮላውን ቀዳዳ በተጠቀለለ ወረቀት ድፈኑ።

ደረጃ 6፦ ፕራይመር

መጀመሪያ ማጽዳት። ሁለት ነጭ ጨርቅ ያዙ። በአንዱ ቲነር አስነክታችሁ ወልውሉ፤ ሳይደርቅ በሌላው ደረቅ ጨርቅ አንሡት። በራሱ እንዲደርቅ ከተዋችሁት ቅባቱ ያለበት ቦታ ላይ ይቀራል። አሮጌው ቀለም በቲነር ከተፈታ ቲነሩን በአኳራጅ ቀይሩት። እንዲህ ያለ አሮጌ ቀለም ላይ ዱኮም አትርጩ፤ ወይ ሙሉ በሙሉ አንሡት፣ ወይ በሲንተቲክ ሂዱ። ለዚህ ሥራ ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ አደጋውም የባሰ ነው። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩ።

1. ቆርቆሮውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ነቅንቁ። ብርድ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። የፈላ ውሃ ወይም እሳት አጠገብ አታስጠጉ።
2. ከጀርባ ጀምሩ። ጀርባው ሲደርቅ ገልብጡ።
3. መልኩ ላይ በመጀመሪያ የነፋስ መግቢያ ቀዳዳዎቹን ጠርዝና የታጠፉ ጥጎችን ርጩ፤ ከዚያ ሰፊውን። ሰፊውን ካስቀደማችሁ ጥጎቹን ስትፈልጉ ሰፊው ላይ ቀለም ይደራረባል።
4. ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። መርጨት የምትጀምሩት ከቸርኬው ውጭ፣ የምታቆሙትም ከቸርኬው ውጭ ነው። እጃችሁ እየሄደ ይሁን።
5. የመጀመሪያው ንብር ሥሩ ያለው ብረት የሚታይበት ስስ ይሁን። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለተኛውን ድገሙ።

ከደረቀ በኋላ በ400 እርጥብ አድርጋችሁ ለስላሳ እስኪሆን እሹት። ብረት ከታየ በዚያ ቦታ ላይ ፕራይመር መልሱበት።

*ካልሆነስ?* ፕራይመሩ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ከሠራ ቅባት ወይም ሲሊከን አለ። እላዩ ላይ ደጋግማችሁ ብትረጩ አይዘጋም። ወዲያው በቲነር አጥቡት፤ ደረጃ 3ን ድገሙ።

ደረጃ 7፦ ቀለም

አረጫጨቱ ከፕራይመሩ ጋር አንድ ነው። ሦስት ስስ ንብር ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ሲንተቲክ ስፕሬይ የራሱ ባህርይ አለው። ቀጣዩ ንብር ወይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይጠበቃል። በመሀል ከረጫችሁ ይሸበሸባል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አንብቡ፤ ከኔም በላይ እሱን እመኑ።

ሁለት ቀለም የምትፈልጉ፣ ለምሳሌ መሀሉ ክሬም ጠርዙ የመኪናዋ ቀለም፣ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለውን ሙሉውን ርጩ። ቢያንስ አንድ ቀን፣ ሲንተቲክ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ቀጭን ፕላስተር ክቡን ተከትላችሁ እየሳባችሁ ለጥፉ፤ ጠርዙን በጥፍራችሁ ጫኑት። ሰፊ ፕላስተር በክብ ላይ ይሸበሸባል፣ ቀለምም ከሥሩ ይገባል። ሁለተኛውን ቀለም ረጭታችሁ ሳይጠነክር ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

በዚህ ደረጃ የሚገጥሙ ነገሮች፦

ወረደ፣ እንባ ሠራ። አትንኩት! በጣት የተጠረገ እንባ ሙሉውን ቸርኬ ያስደግማል። እስኪጠነክር ጠብቁ፣ በ600 እርጥብ አድርጋችሁ አስተካክሉ፣ አንድ ስስ ንብር ርጩ።

ሸካራ ሆነ፣ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። በጣም ርቃችኋል ወይም ንፋስ ነበር፤ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ ነው ያረፈው። ይድረቅ፣ በ600 ይለስልስ፣ ቀረብ ብላችሁ ድገሙ።

ነጭ ጭጋግ ጣለ። እርጥበት ነው፤ ዱኮ ላይ ይበዛል። ደረቅና ሞቅ ያለ ቀን ጠብቃችሁ በጣም ስስ አድርጋችሁ ያንኑ ቀለም ብትደግሙ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ተሸበሸበ። ይህ መድኃኒት የለውም። ከሥር ያለውም አብሮ ተፈትቷል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ሁለቱ ቀለሞች ከአንድ ቤተሰብ መሆናቸውንም አጣሩ።

ደረጃ 8፦ የመሀል ክዳን

ክሮሙ ጤነኛ ከሆነ አትቀቡት። ጥቃቅን ዝገት ካለበት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ ውሃ እያስነካችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ዝገቱ ይነሣል፤ ክሮሙ ብዙም አይጫርም። ከዚያ ሰም ቀቡት። በቃ።

ክሮሙ ከተላጠ ግን ቀለም መቀባት አማራጭ ነው። ችግሩ ክሮም እንደ መስታወት ልሙጥ ስለሆነ ቀለም አይዝም። ስለዚህ፦

1. እንደ ቸርኬው እጠቡ።
2. የተነሣውን ክሮም ጠርዝ ተከትላችሁ እስኪያልቅ አንሡ። ጠርዙ ትንሽ እንኳ ከተነሣ በኋላ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። የክሮምና የኒኬል ብናኝ መርዛማ ነው፤ በእርጥቡ ብቻ ሥሩ፣ ጭንብሉን አታውልቁ።
3. የቀረውን ክሮም በ320 ፈግፍጉ። መልኩ ሙሉ በሙሉ መደብዘዝ አለበት። አንድ የሚያበራ ቦታ ከቀረ ቀለሙ የሚላጠው ከዚያ ጀምሮ ነው።
4. ብረት የሚነክስ ፕራይመር ርጩ፤ ተራው አንቲረስት ክሮም ላይ አይበቃም። ይህን ፕራይመር ስትገዙ በላዩ የሚመጣውን ቀለም ለሻጩ ንገሩት።
5. ቀለሙን በስሱ። በተለይ ቸርኬው የሚይዘው የውስጥ ጠርዝ ላይ ቀለም አታብዙ። እዚያ ላይ ያሉት መያዣዎች ወፍራም ቀለም ሲነኩ ይልጡታል፤ ክዳኑም አልገባ ይላል።

መሀል ላይ ያለው ምልክት ጎድጎድ ያለ ከሆነ በትንሽ ብሩሽ ጥቁር ሲንተቲክ ሙሉት። ዱኮ እዚህ አይሆንም፤ ከሥር ያለውን ይፈታል። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጨርቅ ወጥራችሁ አኳራጅ በጣም ትንሽ አስነክታችሁ ላዩን ብቻ ጠረግ አድርጉ። ጨርቁ የላላ ከሆነ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ጥቁሩን ይዞት ይወጣል። ምልክቱ ከፍ ብሎ የወጣ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ጠፍጣፋ ላጲስ ላይ ጥቂት ቀለም አስነክታችሁ አናቱን ብቻ ነካ ነካ አድርጉት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን መኪናዋን አዲስ የሚያስመስላት እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ መጠበቅና መልሶ መግጠም

ደርቋል ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም። ጥፍራችሁን በጀርባው በኩል ጫኑበት። ምልክት ከተወ ገና ነው። ዱኮ ሦስት አራት ቀን፣ ሲንተቲክ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ብርዱ ስለሚያዘገየው ጨምሩበት። ለስላሳ ቀለም ላይ የተገጠመ ጎማ ይጣበቃል፤ በኋላ ሲወጣ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

ጎሚስታው ጋ ዝም ብላችሁ ጎማውን ጥላችሁ አትሂዱ። አጠገቡ ቁሙ። «ጋሼ፣ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሉልኝ፣ ሳሙና ውሃም ጠርዙ ላይ አብዙልኝ» በሉ። በትሕትና ከተጠየቀ የሚከለክል የለም። የድሮው የባላንስ እርሳስ ቦታው ስለማይታወቅ ባላንስ እንደገና ይሠራ። በመዶሻ የሚመታ እርሳስ ከሆነ የመታበትን ቦታ በትንሽ ብሩሽ ቀለም አስነኩት፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መኪናዋ ላይ ስትገጥሙ፦

1. ከቡሎን መቀመጫው ፕላስተሩ መነሣቱን፣ ጥርሱም ላይ ቀለም አለመኖሩን እዩ።
2. ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስገቡ። ቁልፍ የሚያያዘው በእጅ መዞር ሲያቅት ነው።
3. በተቃራኒ አጥብቁ፤ አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን። አምስት ቡሎን ከሆነ አንድ አንድ እየዘለላችሁ። ዙሪያውን በተራ ማጥበቅ ቸርኬውን አጣሞ ያስቀምጠዋል።
4. መሬት ስትነካ ጨርሳችሁ አጥብቁ።
5. ክዳኑን በመዳፋችሁ መትታችሁ አስገቡ። መዶሻ አይገባም። የላላ ከሆነ ቸርኬው ላይ ያሉትን መያዣዎች በጥቂቱ ወደ ውጭ ሳቡ።
6. የመጠባበቂያውን የውሃ ቱቦ መልሱ።

50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ክዳኑን አውጥታችሁ ቡሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ። ስሱ ፕራይመር ሲደቀቅ ትንሽ ላላ ይላሉ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ዓባይ በረሃ አትውረዱ። እንዲያውም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያንን ቁልቁል ተዉት። ፍሬን ሲበዛ ታምቡሩ በጣም ይሞቃል፤ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይሄዳል፤ ያልጠነከረ ቀለም ደግሞ ይለሰልስና የፍሬኑን ጥቁር አቧራ ይዞ ያስቀራል። ከዚያ በሳሙናም አይለቅም።

ለመጀመሪያው ወር በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እጠቡ። የመኪና አጣቢዎቹን ኃይለኛ ውሃ ከቸርኬው አርቁ፤ ናፍጣ እንዳይረጩበትም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የተረፈ ስፕሬይ ካለ ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ርጩ፤ አፍንጫው አይደፈንም፣ ለጭረት ማስተካከያ ይጠቅማችኋል። የቆሸሸውን ቲነር ቦይ ውስጥ አትድፉ። በተከደነ ጣሳ አስቀምጡት፤ ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለው ንጹሕ ለብሩሽ ማጠቢያ ይሆናል።